ፍቺ

አሥራ አንድ ዓመት ልደታ፥ በዐቃቤ ሕግ ወንበር፥
"ክቡር ፍርድ ቤት!" ስል ኖሬ፥ ሰው አሳስር ነበር።
ዛሬ ስድስት ኪሎ፥ ጣቴን በጠመኔ አንጥቼ፥
ቃል ነው የማስተምረው፥ ከነትርጉሙ ፈትቼ።

ማክሰኞ ማታ ደግሞ፥ ከስታዲየም ጀርባ፥
ሊፍቱ ስለማይሠራ፥ ደረጃ ወጥቼ አርባ፥
"የሕግ ተንታኛችን" ተብዬ፥ ማይክ ፊት ስቀመጥ፥
ሬዲዮ ከፍ ያደርጋል፥ ሜክሲኮ የቆመ ታክሲ፥ እኔን ለማድመጥ።

ትናንት አንድ ሰው ደወለ፤ መስመሩ ይቆራረጣል።
"ስሜ ይቆይ" አለ፤ "መምህር፥ ድምፅዎ የት ይረሳል?
'ከጥርጣሬ በላይ' ማለት፥ እስኪ ምንድን ነው? ይፍቱልኝ፤
ስድስት ዓመት ቃሊቲ አሰብኩት፤ ትርጉሙ እምቢ አለኝ።"

አወቅሁት፤ ያቺን ሳል፥ ከቃሉ የምትቀድም።
አንድ ምስክር ነበረኝ፤ እሱም የአባቱ ባለደም።

አቅራቢው ሦስት ጣት አነሣ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የቀረን።
እንደ ክፍል ፈታሁለት፥ ማስታወቂያው ሳይቀድመን።
"እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ስልኩ ዝም።

አርባውን ደረጃ ስወርድ፥ መብራት የለም፤ ግድግዳ ዳበስኩ፤
ጥያቄውን በልቤ፥ ለራሱ ለጠያቂው መለስኩ፥
አንዲት "ል" ብቻ አጉድዬ፦
"ይፍቱኝ።"