እንደገና ይሞክሩ

ደቻቱ አሸዋው ሳይግል፣ ፀሐይዋ ሳትከር ገና፣
ከሳቢያን በባጃጅ፣ ከለገሃሬ በጎዳና፣
ሰዉ ይሰለፋል በተራ ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር፣
አውራ ጣቱን ለመስታወት፣ ስሙን ለማሽን ሊገብር።

ጢጥ፤ ይገባል አንዱ።
ጢጥ፤ ትገባለች ሌላዋ።
ሙሜ ኢብሮ ጋ ሲደርስ ይቀየራል ዜማዋ፦
«አልታወቀም። እንደገና ይሞክሩ።»

እፍ ይልበታል ጣቱን፣ ያሸዋል በልብሱ፣
ከቀኙ ወደ ግራው ይዞራል፤ ያው ነው መልሱ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብረት የሞረደው ጣት፣
መስመር የለው፣ ቀለበት የለው፣ አልቋል እንደ ድሮ ሳንቲም ፊት፤
ጎርፍ እንዳሸው የወንዝ ጠጠር ልሙጥ ሆኗል ከነአካቴው።
ሥራ ነው እኮ የፋቀው፣
ዛሬ ሥራ ላይ የለም የሚያሰኘው።

እኔ የሰው ሀብት ክፍል ነኝ። ወር ሲያልቅ ሪፖርት አወጣለሁ፤
ከስሙ ትይዩ ቀይ በቀይ፣
ቀፊራ የፈሰሰ በርበሬ መስሎኝ አየዋለሁ።
ከመስኮቴ ማዶ እሱ ቶርኖው ላይ አጎንብሷል፤
ስክሪኔ ላይ እሱ ከጠዋት ጀምሮ ቀርቷል።
ሁለቱን ሙሜዎች ላስታርቅ ብዬ እደክማለሁ፤
እምቢ ሲሉኝ ከደመወዙ እቆርጣለሁ።

«አቦ እህቴ» አለኝ አንድ ቀን፣ ሳይቆጣ፣ ሳይለማመጥም፣
«ወላሂ እዚሁ ነበርኩ። አንቺስ አላየሽኝም?»
«አይቼሃለሁ። ግን ሲስተሙ…»
ሲስተሙ ካልኩ በኋላ የሚቀጥል ቃል አላውቅም።

ድሮ ጋሽ ወልደጨርቆስ ነበሩ፣ ባለ ሰማያዊ መዝገቡ፤
ቀና ሳይሉ፣ የገባውን በሳሉ ለይተው የሚመዘግቡ።
አላሞግሳቸውም በሐሰት፤
ለዘመድ ያደሉ ነበር፣ ቂምም ነበራቸው የዓመት።
ቢሆንም፣ ቢበድሉህ ሽማግሌ ትልክባቸዋለህ።
ሰርቨርስ? የቱ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ ትወድቃለህ?

የሰዓቱ ሕግ የተጻፈው ካፖርት በሚለበስበት አገር ነው።
ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው በግለት ሲንጫጫ፣
ከተማው በሩን ዘግቶ ሲይዝ የከሰዓት በርጫ፣
«መገኘትዎን ያረጋግጡ» ይላል ስልኬ።

ማታም አይተወኝ፤ ግሩፑ «ቤተሰባችን» ይባላል፤
ሌሊት አምስት ሰዓት ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ይጥላል፤
ሁላችንም በተኛንበት አውራ ጣት እንልካለን፦
ቢጫ፣ ወፍራም፣ መስመር አልባ።
ያ የሥዕል ጣት ይታወቃል።

አንድ ማለዳ ማንም ሳይመጣ፣
በሙሜ ስም የራሴን የግራ አውራ ጣት አስገባሁ።
ከዚያ ወዲህ ቀኜን ለራሴ፣ ግራዬን ለሱ እሰጣለሁ።
ቀዩ ጠፋ፤ ደመወዙ ሞላ፤ እኔም እንቅልፌን ተኛሁ።
በመስኮቱ ማየት ተውኩ፤ ምን ልፈልግ አያለሁ?

ሰኞ ሰጠሁ። ማክሰኞ ሰጠሁ።
ረቡዕ ሰጥቼ፣ መጋረጃውን ለሌላ ጉዳይ ስገልጥ፣
ቶርኖው ሸራ ለብሶ አየሁ።
ሙሜ ለካ በወባ ንዳድ ሦስት ቀን ከአልጋ ወድቋል፤
እዚህ ግን በኔ ጣት፣ ሦስቱንም ማለዳ
«እንኳን ደህና መጡ» ተብሏል።
ሲሠራ የለም ያለችው፣ ሲታመም አለ አለችው፤
ያዘንኩለት እኔም አብሬያት፣ ዞር ብዬ ሳላየው።

ጋሽ ወልደጨርቆስ ቢሆኑ፣
ገና ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ
መዝገባቸውን አጠፍ አድርገው፣
«ያ ሳል የት ሄደ?» ይሉ ነበር።