«አልተገኘም»

ውርጩ ሳይለቅ፣ ሳሩ እንደ ብርጭቆ ሲሰበር ከእግሬ ሥር፣
ባልዲና ጓንት ይዤ እወርዳለሁ ወደ በሬሳ ዳር።
ከድልድዩ በታች፣ ከጭቃው ተቀብራ፣
በሁለት ከንፈሯ ደብረ ብርሃንን የምታጣራ
አንዲት ዛጎል አለች።
ዓይን የላት፣ ጆሮ የላት፤ ብቻ ትጠጣለች።
የጠባሴን እጣቢ፣ የመናኸሪያውን ጉድ፣
የአልጋ ቤቱን ፍሳሽ፣ ሌሊት በቦይ ሲወርድ፣
ጠጥታ፣ ጠጥታ፣ ውሃውን ትለቃለች፤
ሕመሙን ግን በሆዷ አጥፋ ታስቀምጣለች።

እዚህ አገር ሰው አይበላትም። ባሕር ያለው ነው አሉ
ሎሚ ጨምቆ ከነነፍሷ የሚውጣት።
እኛ የምንበላው ጎረቤቷን ነው፦
ከዚያው ውሃ ጠጥቶ የሚያድገውን ሰላጣ፣
ቅዳሜ ገበያ፣ እዚያው ወንዝ ታጥቦ የሚመጣ።
እሷ ምስክር ናት። እኔ ጸሐፊዋ፤
ቢላዬ ቀጭን ናት፣ ደሞዜም እንደዋ።

በዚያ ዓመት፣ በመጋቢት፣ መናኸሪያው ጭር አለ፤
ተማሪው ፍራሹን ጠቅልሎ ከግቢው ጎደለ።
በየደጁ ጀሪካን ቆመ፣ ወገቡ ላይ ቧንቧ ተክሎ፣
የሳሙና ቁራጭ በክር፣ እንደ ማተብ አንጠልጥሎ።
አረቄው እንኳ ከጉሮሮ ተርፎ፣ ለመዳፍ ሆነ።
ሰላምታ በክርን ሆነ።

እትዬ ይታክቱ፣ አጣቢዋ፣ ከድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብላ
«ውሃው እኮ ጠራ» አለችኝ፣ ማስኳን ካገጯ ጥላ።
«ቃልአብ እንኳ ዘንድሮ አላስቀመጠውም!»
ሳቀች።
ሳቋ ግን ብዙ አልሄደም፤
አልጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ የሚያድፍ አንሶላ የለም።
ባዶ ገበቴዋ ውስጥ ሰማይ ተኝቶ ነበር።

ያን ወር ዛጎሏን ከፈትኋት። ማሽኑ ሲያጉረመርም አድሮ
ባዶ መለሰልኝ። ደገምሁት። ባዶ።
«አልተገኘም» ብዬ ጻፍሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፤
ሰው መዳፉን ቢታጠብ፣ ለካ ወንዝ ሆዱ ይጠራል!
ማን ያምነኛል? ሳቅሁ ብቻዬን፣ በዚያ ብርድ ክፍል።

ከዚያ ኪቱ አለቀ።
የቀረውን «ለኮሮና ነው» ብለው ሞላልኝ በመኪና ጭኖ ወሰደው።
ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ።
ሦስት ክረምት ወራት ዓምዱ ነጣ ብሎ ቀረ።
አለቃዬ እስክሪብቶ አቀበለኝ፤
«ያንኑ ቃል ድገሚውና ሪፖርቱ ይሂድልን» አለኝ።
አልተገኘም።
አልተፈለገም።
ሁለቱም እኩል ነጭ ናቸው ወረቀት ላይ ሲታዩ፤
አንዱ የምሥራች ነው፣ አንዱ ዓይን መጨፈን፤ ማን ይለያቸው፣ ካልተለያዩ?
«አልተመረመረም» ብዬ ጻፍሁ። እስከ መስቀል አኮረፈኝ።

በታኅሣሥ መናኸሪያው ጮኸ፤ «አዲስ አበባ! የሞላ!»
ፍራሾቹ ተመለሱ። ጠጅ ቤቱ በሩን ከፈተ ኋላ።
ጀሪካኖቹ ደረቁ፤ ሳሙናው አልቆ
ክሩ ብቻ ቀረ፣ በነፋስ ላይ ተሰቅሎ።
እትዬ ይታክቱ አንሶላ ተራራ ተሸክማ ወረደች፤
«ተመስገን፣ ሥራ መጣ» አለች፣
ቀጥላም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«ቃልአብን ግን ሰሞኑን ያስቀምጠዋል።»

ዛጎሏን ከፈትሁ።
«ተገኘ።»

ታዲያ ምን ልመኝ እኔ? ውሃው እንዲጠራ ሰው ይጥፋ?
አንሶላ ይታጠፍ፣ ግቢው ይዘጋ፣ የይታክቱ እንጀራ ይጥፋ?
ወይስ አንድ ክርና አንድ ሳሙና ብቻ፣
በየበሩ፣ ያለ ፍርሃት፣ ያለ ዐዋጅ፣ ያለ ዛቻ?

ትናንት ማታ ከላቦራቶሪው ስወጣ፣
የበሩን ጀሪካን ቧንቧ ጠመዘዝሁ፦
ሦስት ጠብታ። ከዚያ አየር።
መሽቷል፣ ብርዱም አጥንት ይገባል።
እጄን በጋዋኔ ጠረግሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከድልድዩ ሥር፣ በጨለማው፣
አንዲት ዛጎል ከንፈሯን ገለጥ አደረገች።