የውስጥ ፊት

ሌሊት ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
ሳስካቱን፣ ከወንዙ ማዶ፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት፤
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣
ዌንደል ጓንቱን ያጠልቃል፤
እኔ አርባ ሁለት ቀን ከሞላው የደም ከረጢት
አንዲት ጠብታ ቀድቼ፣
መስታወት ላይ ዘርግቼ፣
ዓይኔን ከሌንሱ ተከልኩት።

የምፈልገው አንድ ቅባት ነው፤ አፍ ያስራል አጠራሩ፣
ፎስፋቲዲልሴሪን ይሉታል የሚያውቁት፣ የተማሩ፤
እኔ ግን "ገበና" እለዋለሁ፣ እንዲቀለኝ ነገሩ።

አንድ ራስ አለው፣ ሁለት እግር፤
ራሱ ፎስፌት ያዘለ፣ ከውኃ ጋር የሚፋቀር፤
እግሮቹ ዘይት ናቸው፣ ውኃ ሲያዩ የሚሸሹ፣
ከመርጠብ ተቃቅፈው ጨለማን የሚሹ።
ያለ ጭቃ፣ ያለ ምስማር፣ ያለ ግንበኛ ትእዛዝ፣
ቅባቶቹ በሁለት ረድፍ ቆሙ፣ እግር ከእግር ሲያያዝ።
ግድግዳ ነው አትበሉት፤ ይፈስሳል፤
በዓይን ጥቅሻ ሚሊዮን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ይለውጣል፤
ከውስጥ ረድፍ ወደ ውጭ መገልበጥ ግን አይሆንለት፣
ውኃ ወዳድ ጭንቅላቱን በዘይት መሐል ማን ያሳልፍለት?

ከበረዶው በታች ደግሞ፣ እዚሁ ወንዝ ውስጥ፣ ዓሣ አለ፤
ብርድ ቅባቱን እንዳያረጋው
እግራቸው የታጠፈ ቅባቶችን ገላው ውስጥ የጨመረ፣
ተጠጋግተው እንዳይደርቁ ጉልበታቸውን የሰበረ።
ይህን የነገረኝ ዌንደል ነው።
ቅዳሜ ቅዳሜ በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ያጠምዳል፤
"ቅቤና የካኖላ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪ፣ ጠዋት እዪ" ይላል።
አሳደርኩ። አየሁ። ልክ ነው።

ወደ ገበናው ልመለስ።
ጤነኛ ሴል ይህን ቅባት ከውስጥ ፊቱ ይከድናል፤
አንዱ ወደ ውጭ ቢያመልጥ፣ በር ጠባቂው ይመልሳል።
በር ጠባቂው ፕሮቲን ነው፤ በነፃ ግን አይሠራም፣
ለእያንዳንዱ መመለሻ ኤቲፒ ይከፈላል፤ ዱቤ የለም።
ካልሲየም ሰብሮ ሲገባ፣ ስንቅ ሲያልቅ፣
የበር ጠባቂው ክንድ ዛለ፤ ገበናው በውጭ በኩል ብቅ።
ያን ጊዜ በላተኛው ሴል ይመጣል፣ ድምፁን አጥፍቶ፣
ያለ እሪታ፣ ያለ እብጠት፣ ይሄዳል አቅፎ በልቶ።

ከሌንሱ ሥር አረንጓዴ ነጥብ። አንድ። ደግሞ አንድ።
የወጣውን ብቻ የሚይዝ ቀለም ነው የጨመርኩበት።
ሰባት ቆጠርኩ፤ ከዚያ ቆጠራው ጠፋብኝ።
"ምን አየሽ?" አለኝ።
"ደክመዋል" አልኩት፤ "ገበናቸው ወጥቷል።"

ዌንደል ወንበር ሳበ።
አንዱን ጓንት አወለቀ፣ ሌላውን ረሳው።
"ማርሊን ሞታለች" አለ። "በጥቅምት።"

አሁን ጥር ነው።
ባለፈው ሳምንት እንኳ "ማርሊን ሰላም ብላሻለች" ብሎኛል፤
"ለእሷም ሰላም በልልኝ" ብዬዋለሁ፤ "እሺ" ብሎኛል።
ሦስት ወር ሙሉ፣ ሌሊት ሌሊት፣ እዚሁ አጠገቤ፣
አንድ ሰው በር ሲጠብቅ፣ ሲመልስ፣ ሲከፍል፣
እኔ የደም ሴል ገበና ስቆጥር፣ ልብ አላልኩም ከልቤ።

"ነፍስ ይማር" በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ፈልጌ አጣሁ።
ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።
ይኸው ቅባት፣ በፕላትሌት፣ ቆዳ የተቆረጠ ለት፣
ወደ ውጭ የሚዞረው አይደለም ሊሞት፤
ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች እንዲያርፉበት ነው፣ እንዲሰበሰቡበት።
ያ ፊት ካልወጣ ደም አይረጋም፤
ያ ፊት ካልወጣ ቁስል አይዘጋም።

ዌንደል ያወራል። ስለ ማርሊን ጫማዎች፣ በሩ ሥር አሁንም ስላሉት፣
ስለ መጨረሻው ዓሣ፣ አብረው ስላጠመዱት፣
ትንሽ ነው ብላ ስለለቀቀችው።

ከረጢቱን ለመጣል ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል።
ሊነጋ ሲል ፈረምን።