ሠላሳ ሁለት ቀሪ

ማራገቢያው ይጥፋ ተባለ ለፍጻሜው፣
አየር እንዳይገፋው የሚበረውን ዳርት፤
የከዚራ ወበቅ ከሰዉ ጋር ተጋፍቶ
ገባና ተቀመጠ፣ ሳይቆርጥ ቲኬት።

እኔ ጠመኔ ያዥ፣
አምስት መቶ አንድን ሰሌዳው ላይ ጽፌ
ስቀንስ አመሸሁ፣ ላቤን አራግፌ።
ሰው ሁሉ ሲማስን ለማከል፣ ለመጨመር፣
እዚህ የሚያሸንፍ ቀድሞ ባዶ የሚቀር።

ሮብሌ ጉሌድ፣ የባቡሩ ፍሬን ያዥ፣
ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመት ያለፈው፣
ሠላሳ ሁለት ቀረው።
ስንት ፉርጎ ጨው ቁልቁለት ላይ የገታ እጅ
አንዲት ስንጥር ይዞ፣ ይኸው፣ ተንቀጠቀጠ።
አንዱ ከመስመር ወጣ። አንዱ ለጥቂት ሳተ።
ሦስተኛው ሽቦ ነክቶ፣ ቅጭል!
ከጫማው አጠገብ እንደ ምስማር ቆመ።

ከሐረር የመጣው ልጅ፣ ሸሪፍ፣ አፍታም አልቆየ፤
አርባውን ባንድ ዘጋ።
ጭብጨባ። ማራገቢያው ዞረ።
የጠመኔ ብናኝ ፊቴ ላይ ተዘራ።

ሠላሳ ሁለቱን ለማጥፋት እጄ እምቢ አለ።
ሮብሌ መጣ፣ ሽርጡን እያጠበቀ፣
"ምን ታያለህ፣ አንተ?" አለኝ እየሳቀ፣
"ዛሬም ባዶ እጄን ነው ወደ ቤት የምገባው፤
ዜሮዬን ጻፍልኝ፣ ሒሳቡ ይዘጋ።"

ጻፍኩለት።
ክብ አልሆነችም፤ ጠመኔው ላብ ጠጥቶ ነበር።