የመጀመሪያዋ ኳስ

ቅዳሜ ነው፤ ዴን ሄልደር። ነፋሱ ከባሕር
ጨው ቋጥሮ ይመጣል፣ መረቡን ሊወጥር።
በመልበሻ ቤቱ፣ በቆርቆሮው ገበታ፣
አሥራ አንድ የጠርሙስ ክዳን ደርድሯል በተርታ
አሰልጣኙ ሂልኮ። አንዱን ነካ በጣቱ፤
እኔ ነኝ፣ ስድስት ቁጥር፣ የሜዳው እትብቱ፤
ወደ ጎን ገፋኝ፣ ከመንገድ እንደሚነሣ ወንበር፣
ከሲብረን እስከ ዳውዌ አየሩ ባዶ እንዲቀር።

«ፊሽካው ሲነፋ» አለ፣ «ኳሷ ወደ ሲብረን፤
እሱም ሳያቆማት፣ በአየር፣ ወደ ቀኝ፣
እስከ ጥጉ ድረስ። ብትወጣም ትውጣ፤
ውርወራው የነሱ ነው፤ እኛ ጫና ይዘን በራቸው ላይ እንምጣ።»

ዝም አልን።
በሥራ ቀን ሂልኮ የጀልባ ትኬት ነው የሚቆርጥ፤
ሳንቲም ሳይቆጥር የማይሰጥ።
ሦስት ዓመት ያስተማረን እሱ ነው፣ በዚያው አፉ፦
«ኳስ የሰው ገንዘብ ናት፤ ቆጥራችሁ ተቀበሉ፣ ቆጥራችሁ አሳልፉ።»
እኔም ያቅሜን አዋጣሁ፣ አንድ ተረት ከቤቴ፦
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል፣ የአባቴ።
ሲብረን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈው፣ በራሱ ፊደል፤
ዬልሌ፣ በረኛችን፣ «እኛ ጋ» አለ፣ «ይቀቀላል እንጂ መች ይሄዳል?»

ታዲያ ዛሬ ምን መጣ?
ስሙን ሳይናገር ደጅ የሚደበድብ እንግዳ
መሆን አለብን እንዴ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ገና ሳንሰናዳ?
የመጀመሪያ ቅብብል ሰላምታ ነው፤ ሰላም ሳይባል
ወሬ ይጀመራል?

ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ዳውዌ ቀደመኝ።
«ሦስት ዓመት» አለ ረጅሙ አጥቂ፣ ጫማውን እያሠረ፣
«ጀርባዬን ለግብ ሰጥቼ ቆምኩ፣ ፖስታ እንደሚጠብቅ ሰው፣
እናንተ እርስ በርስ ስትጻጻፉ።
አንዲት ደብዳቤ በስሜ ትምጣ። ብትቀደድም ትምጣ።»

ሂልኮ ወደ እኔ አላየም። ባያይም ገባኝ፤ የአምናው ነው።
አምና፣ ከነዚሁ ጋር፣ በዚሁ ክብ ውስጥ ጀመርን፤
ለእኔ፤ ከእኔ ወደ ኋላ፤ ለዬልሌ፤ መልሶ ለእኔ።
ሰላምታው አማረ። በአሥራ አንደኛው ሰከንድ
እግሬ ሥር የነበረች ኳስ እግሬ ሥር አልነበረችም።
ስዞር የሰው ጀርባ አየሁ፤ ቀጥሎ መረብ።
ማንም አልተናገረኝም። እሱ ነው የከበደኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እውነት ነው።
ያልቸኮለውስ? እሱም አፍስሶ ነበር፤ የለቀመለት የለም።

ፊሽካ።
ዳውዌ ወደ ኋላ ነካት፤ ሲብረን መጣ፣ መታት፤
በላዬ ስታልፍ ቀና አልኩ፤ ሆዷን ያኔ አየሁት።
ስምንት ዓመት በእግሬ ያወቅኋት፣ ከሥር ሆኜ ሳያት
ትንሽ ናት።
የነሱ ልጆች ጥጉን ብለው ሮጡ፤ የኛም ተከተሉ፤
እንደተፈታ ገበያ ባዶ ቀረ መሀሉ።

ያኔ ነፋሱ፣ ያ የባሕሩ፣ እጁን ዘረጋና
ኳሷን ከሰማይ ያዛት፤ አመነታች፤ ተመለሰችና
ሁለት ጊዜ ነጥራ፣ እየተንከባለለች፣
ለእኔ መጣች።

ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ቀማኛ የለም።
እንዲህ ያለ ሰፊ ሜዳ በቅብብል ከፍቼ አላውቅም።
ቆጥሬ ተቀበልኩ።
ቆጥሬ፣ በሣሩ ላይ፣ በዝግታ፣ አሳለፍኩ።

አንድ ለአንድ ወጣን። ሂልኮ «ሠርቷል» ይላል።
ሲብረን «የነፋስ ነው» ይላል።
ዳውዌ ደብዳቤው መንገድ ላይ እንደጠፋች ነው የሚያወራው።
እኔን ማንም አልጠየቀኝ፤ ቢጠይቁኝም እንጃ።

ግድግዳው ላይ፣ ከአባቴ ተረት ሥር፣ ዬልሌ በጠመኔ
«ነፋስ ካላገኘው» ብሎ ጨምሮበታል።
ሂልኮ ክዳኖቹን ሲሰበስብ አንድ ጎደለው፤
ጎንበስ ብሎ ከወንበሮቹ ሥር ፈለገ።
ኪሴ ውስጥ ነው።