እግርህን ጥረግ

የሞጣ ክረምት ጭቃ ማንንም አይመርጥም፤
የዳኛውም ጫማ ከእጁ አያመልጥም።
ከመናኸሪያው ወርዶ፣ በወፍጮ ቤት ዞሮ፣
እኛ ሳሎን ይገባል እንዳለው ቀጠሮ።
ጠዋት እጠርጋለሁ፤
ማታ ያንኑ ጭቃ፣ ያንኑ እግር አያለሁ።

የሱቁ ምንጣፍ፣ ያ ባለ ፀጉሩ፣ ዋጋው ያስደነግጣል፤
ደግሞስ በአንድ ሐምሌ እንደ ሽማግሌ ራስ ይመለጣል።
ቅዳሜ ከሰዓት፣ «ራሴ ልሥራው» ብዬ፣
የዩሪያ ጆንያ ከጓዳ አወጣሁ፣ ከአይጥ ጋር ታግዬ፤
በአራት አጠፍኩት፣ ለካሁት በስንዝር፦
ቁመቱ አምስት፣ ወርዱ ሦስት፣ አንድ ጣት ለጠርዙ ጭምር።
ከሥሩ እንዳይንሸራተት ጎሚስታው እንየው
ካላማዳሪ ቆረጠልኝ፤
«ውሰጅው» አለኝ፣ «ለኔስ የሚጣል ነው።»

የቀረው ልብሱ ነው።
ልብስ ሰፊዋ ዘመናይ ከመኪናዋ ሥር ቁርጥራጭ አፍሳ ሰጠችኝ፤
አበባ፣ ነጠብጣብ፣ ከሚዜ ቀሚስ የተረፈ ሐር።
ቆንጆ ነው፤ ግን ጭቃ ገና ሲያይ ያለቅሳል።
ለእግር የሚሆን ጨርቅ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ጎተትኩ።
እሾህ የማይበሳው፣ ዝናብ የማያሳሳው፣
አረንጓዴው ካኪ፣ የአባዬ ቁምጣ፣
እማዬ ያጠፈችው ባለቤቱ እስኪመጣ።
ባለቤቱ ያለው ጊዮርጊስ ነው፣ ከጥዶቹ መሀል፤
ይህን እሷም ታውቃለች፤
ግን ማጠፍ ይቀላል።

መቀሱ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ አቅማማ።
መቀስ አያቅማማም፤ እጄ ነው።
ከዚያ፣ ክርርር፣ ድምፁ ተሰማ።
ጆንያውን አለበስኩት፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌ፣
ሲባጎ እየሳብኩ በጆንያ መርፌ።
አውራ ጣቴ ደማ፤ መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ደግሞ ጠፋ።
አንድ ነገር ዘነጋሁ፤ የኋላ ኪሱን ሳልፈታ
ላዩ ላይ ቀረ፣ ቁልፉ እንደወለቀ፣ በነበረበት ቦታ።
እኩለ ሌሊት ላይ በሩ ሥር ዘረጋሁት፤
አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ ብዬ አየሁት።
«ባለሙያ» አልኩ ራሴን፣ ሌላ የሚለኝ ስላልነበረ።

ጠዋት እማዬ አየችው። ምንም አላለች።
ቀሚሷን ሰብስባ በላዩ ዘለለች።
እሷን አይቶ አጎቴ ዘለለ። የእድሩ ጸሐፊ ዘለለ።
የጎረቤት ሕፃን ጨዋታ መስሎት ሰባት ጊዜ ዘለለ።
ምንጣፌ ንጹሕ ሆነ፤
ሳሎኑ ጭቃ ዋለ።
«እሱንስ አልረግጥም» አለች አንድ ማታ፣ ፊቷን ሳታዞር።
ልፈታው ምላጭ ፈለግሁ፤ ምላጭ አልነበር።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ
ድንች ተሸክማ መጣች፣ ሽቅብ በገበያው መንገድ።
ጭቃው እስከ ባቷ፣ ሸክሙ እስከ አንገቷ፤
በር ላይ ቆመች፣ እንግዳ መስላ ለገዛ ቤቷ።
መዝለል አይቻልም።
ሸክሙን እዚያ ማውረድም አይቻልም።
ወደ ታች አየች፣ ወደ ኪሱ።
መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁም።
«አንተ አንሙት!» አለች።
(ስሙን ስትጠራ ከቀብሩ ወዲህ አልሰማሁም።)
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግርህን ጥረግ፣ ጥረግ ስልህ፣
እሺ እያልክ ከነጭቃህ አልጋዬ ድረስ ስትዘልቅ ችዬህ፣
በል እንግዲህ!
ዛሬ ተራዬ ነው፤ የኔን ጥረግ!»
ቀኙን ጠረገች፤ ግራውን ጠረገች፤ ደገመች፤
ከሚያስፈልገው በላይ እዚያው ቆየች።
አንድ ድንች ወርዶ ተንከባለለ፤
ማንም አላነሳውም።

አሁን ምንጣፉ እንደ ምንጣፍ ነው፣ ጭቃ የጠገበ።
አረንጓዴው አመድ እየመሰለ ነው፤ ስፌቴም በአንድ ጥግ ተተርትሯል።
ትናንት ከሥራ ስመለስ በሩ ተዘግቷል።
ደወልኩላት፣ «ቁልፉስ?»
ከኋላዋ ጫጫታ፣ የሚዛን ድምፅ፣ ዋጋ የሚጠራ ሰው፤
«የት ይሆናል?» አለችኝ፣
«አባትሽ ኪስ ነዋ!»