የግርጌ ማስታወሻ

በኮቺ ወደብ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣
ጃንጥላ ሻጩ ጋ ቆመች ከመንገድ፤
ሽሪጃ፣ የማርኬቲንግ ሁለተኛ ዲግሪ፣
መጠይቋ የራሰ፣ ባለዕዳ ተማሪ።

«ፍላጎት ሲጨምር ዋጋ ይጨምራል፤
መጽሐፉም መምህሩም ይሄንን ይለናል።
ምነው ታዲያ አገሩ ሲበሰብስ እያየህ፣
በበጋው ሂሳብ ነው ዛሬም መሸጥህ?»

ኩንጃፓን ሳቀና ሽቦ እያቃና፣
«ዝናቡ ያልፍና፣
ሰውየው ይደርቅና፣
ነገ በፀሐይ ሲያየኝ፣ ሰፈሬ እዚሁ ነው፤
ያኔ ይሄን ፊቴን የት ነው የምደብቀው?»

ጻፈችው።

ፕሮፌሰር ቫርጊስ በቀይ ቀለም ጫሩ፦
«ጥሩ ነው። ምንጩ ግን የታል ከነቁጥሩ?»

ዓመቱ አይታወቅ፣ አሳታሚ የለ፣
ገጽ የለ፣
ሰውየው ግን አለ።
ከግርጌ ሞላችው፦
«ኩንጃፓን፣ በቃሉ፣ ከድልድዩ ሥር፣
ዝናብ እየጣለ።»